ድልድዩን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ

የምክር ቤት አባልነት ሥራዬ የጀመረው በር ላይ በመከልከል ነው።

ከጭሮ ተነሥቼ አንድ ቀን ቀድሜ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ባለቤቴ ወገቡን ያሰፋችልኝን የሠርጌን ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከምክር ቤቱ በር ላይ በሰዓቱ ተገኘሁ። ጥበቃው ከጫማዬ እስከ ክራባቴ አየኝ።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«የሕዝብ ተወካይ ነኝ።»

«ባጅ?»

«ባጁን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ባጅ የሚሰጠው ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ልግባ።»

«ያለ ባጅ አይገባም።»

ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ስንባባል ቆየን። ሰውየው አልተሳሳተም፤ እኔም አልተሳሳትኩም። የገላገሉን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ከሌላ ክልል የመጡ፣ ሦስተኛ የሥራ ዘመናቸውን የጀመሩ ሸበቶ አባል ነበሩ። «ይሄ የእኛ ነው፤ ፊቱን አታየውም? ገና ምንም አልገባውም» ብለው ጥበቃውን አሳቁትና ክንዴን ይዘው አስገቡኝ።

ከዚያ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። የክትባት አይስ ቦክስ በሞተር ብስክሌት ጭኜ በጭሮ ዙሪያ፣ ሚኤሶ ግመልና ፍየል፣ ቦርደዴ ከብት፣ በደሳ በሬና አህያ ስከትብ ኖሬአለሁ። የተመረጥኩትም በዚሁ ነው። በቅስቀሳው ሰሞን ስለ ፖሊሲ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ላማቸውን ያዳንኩላቸው ለእኔ ሰጡ፣ የሞተችባቸው ለተፎካካሪዬ ሰጡ። ዕድለኛ ሆኜ ከሞቱት የዳኑት ይበልጣሉ።

የምክር ቤት አባል የሥራ መሣሪያው ብዙ አይደለም። ባጅ አለው፣ እስክሪብቶ አለው፣ ማይክሮፎን አለው፣ ቀኝ እጅ አለው። ከሁሉም ብዙ የሚሠራው እጁ ነው።

ጋሽ ደምሴ የመቀመጫ ጎረቤቴ ሆኑና የእጁን አጠቃቀም አስተማሩኝ። «አፈ ጉባኤው ‹የምትደግፉ› ሲሉ ክርንህን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈህ አንሣ። ክንድህን ሙሉ ከዘረጋህ ቆጠራው ሳያልቅ ትደክማለህ። እንቅልፍ ከመጣብህ ማስታወሻ የምትጽፍ ምሰል፤ ካሜራው የሚጽፍ ሰው አይወድም፣ ቶሎ ያልፍሃል።»

«የሚሰጡንን ሰነድ ሁሉ ግን እንዴት አንብቤ እጨርሰዋለሁ?» አልኳቸው። ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለው ወረቀት እስከ አገጬ ይደርስ ነበር።

«መግቢያውንና መደምደሚያውን አንብብ። መሐሉን ደግሞ የምታውቀው ነገር ካለበት አንብብ።»

«አባሪውስ?»

ጋሽ ደምሴ በሐዘኔታ አዩኝ። «ያዕቆብ፣ አባሪ የሚያነብ ሰው እዚህ ቤት አግኝቼ አላውቅም» አሉ።

በዓመት ሁለት ጊዜ ምክር ቤቱ ሲዘጋ ወደ መረጠን ሕዝብ እንወርዳለን። ለዚህም ቅጽ አለ። ተራ ቁጥር፣ የቀረበው ጥያቄ፣ የሚመለከተው አካል፣ የተሰጠው ምላሽ። የመጨረሻው ሣጥን ከሁሉም ጠባብ ነው።

የመጀመሪያውን ስብሰባ በደሳ አዳራሽ ውስጥ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ጠራሁ። በድምፅ ማጉያ ሁለት ቀን አስነገርኩ። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ዘጠኙ እንዲመጡ የታዘዙ የቢሮ ሠራተኞች፣ አንዱ የአዳራሹ ዘበኛ፣ አንዱ ደግሞ ስለ ታመመች አህያው ሊያማክረኝ የመጣ ሰው ነበር። ስለ አህያዋ ተወያይተን ተበተንን።

ተናድጄ ወደ ገበያ ስወጣ ሐጂ አልዪን አገኘኋቸው። ሐጂ አልዪ ከበደሳ ወጣ ብላ የምትገኘው የለጋ ሮባ ቀበሌ ሽማግሌ ናቸው፤ ጫት ያበቅላሉ፣ ሁለት በሬዎቻቸውን ለዓመታት ከትቤላቸዋለሁ። ለእሳቸው ተመረጥኩ አልተመረጥኩ «ዶክተር» ነኝ።

«አንተ ዶክተር፣ ምን ሆነህ ነው ጠዋት ሰው የጠራኸው?» አሉኝ። «ጫት የሚለቀመው ጎህ ሳይቀድ፣ የሚሸጠው ጠዋት። ጠዋት የተጠራ ስብሰባ ማን ይመጣል? ሥራ የሌለው።»

«ታዲያ መቼ ልጥራ፣ ሐጂ?»

«አትጥራ። አንተ ራስህ ና። ዙሁር ተሰግዶ ሲያበቃ ሁሉም ሰው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ቁጭ ይላል። እዚያ እውነቱን ይነግሩሃል። አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ከእውነቱም ጨምረው ይነግሩሃል፤ ያን ጊዜ እስክሪብቶህን ክደን።»

ችግሩ እኔ ጴንጤ ነኝ። ጫት አልቅምም። በርጫ ላይ ሁሉም እየቃመ አንድ ሰው ባዶ አፉን ማስታወሻ ይዞ ከተቀመጠ ደግሞ ወሬ ሊለቅም የመጣ ይመስላል። መላውን ያገኘሁት ከገበያ ነው። አንድ ኪሎ ኦቾሎኒ ገዛሁ። እነሱ ቅጠሉን፣ እኔ ኦቾሎኒውን፣ ሁላችንም ሻዩን ይዘን ከቀትሩ ዙሁር እስከ ማታው መግሪብ ተቀመጥን። በሳምንቱ ስሜ ከዶክተርነት ወደ «አቶ ኦቾሎኒ» ዞረ። ቅጼ ግን ሞላ።

ጭሮ ስመለስ የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር አስጠሩኝ።

«ወንድም ያዕቆብ፣ በርጫ ቤት ይውላል የሚባል ነገር ሰማን።»

«ፓስተር፣ እኔ የምበላው ኦቾሎኒ ነው።»

ጠጋ አሉና አሸተቱኝ። «ኮትህ ግን ሌላ ይላል» አሉ። ከዚያ በኋላ ለበርጫ የሚሆን አንድ ጃኬት ለይቼ አስቀመጥኩ። እስከ ሥራ ዘመኔ ማብቂያ እሑድ እሑድ ለብሼው አላውቅም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የለጋ ሮባ ሰዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። ድልድይ።

ለጋ ሮባ የቀበሌዋም የወንዙም ስም ነው። ወንዙ በበጋ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በክረምት ግን ተራራው ላይ ሲዘንብ ውኃው ድንገት ደርሶ ሰውን ከሰው ይለያል። ቤቶቹና እርሻው ወዲያ ማዶ ናቸው። ጤና ጣቢያው፣ ገበያውና የበደሳ መንገድ ወዲህ ማዶ ናቸው። ወንዙ ከሞላ ሦስት ሰዓትም ዳር ላይ ይጠበቃል፣ ቀኑን ሙሉም ይጠበቃል።

በዚያው የመጀመሪያ በርጫ ላይ ወይዘሮ ፋጡማ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፋጡማ ጫት የሚነግዱ፣ ወንዶቹ የሚፈሯቸው ሴት ናቸው። ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ጠብቀው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ ሰሚራ ምጥ ይዟት ወንዙ ዳር ደረስን። ውኃው ሞልቷል። ላስቲክ ወጥረንባት እዚያው ወለደች። ሕፃኑ አልተረፈም። ወላሂ፣ ጤና ጣቢያው ከማዶ ይታየን ነበር። ይሄን ጻፍልኝ።»

ጻፍኩት።

ጥያቄውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቀረብኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ደኅና ሰዎችም ነበሩበት። በመጀመሪያው ዓመት «ጥያቄው ደርሶናል» የሚል ምላሽ መጣ። በሁለተኛው ዓመት «በጥናት ላይ ነው» ተባለ። በሦስተኛው «በዕቅድ ተይዟል» ተባለና እውነትም አንድ ተቋራጭ መጣ። ወንዙ ዳር ሁለት መኪና ድንጋይ ደፍቶ፣ የድልድዩ ስም የተጻፈበት ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተክሎ፣ ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ ሄደ። ድንጋዩ በክረምቱ ጎርፍ ተወሰደ። ሰሌዳው ጠንካራ ነበር፣ ቆመ።

በአራተኛው ዓመት ሰኔ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ሪፖርት ወደ ምክር ቤቱ መጣ። ጠዋት ተሰጠን፣ ከሰዓት በኋላ ልናጸድቀው። መግቢያውን አነበብኩ። መደምደሚያውን አነበብኩ። ከመሐሉም በከብት መንጃ መንገዶች ላይ የተጻፈ አንቀጽ ስላገኘሁ እሱን በደስታ ሁለት ጊዜ አነበብኩ።

ዝም ብዬ እጄን ባወጣ ኖሮ ጥፋቴ ግማሽ ይሆን ነበር። የዚያን ዕለት ግን መናገር አማረኝ። ማይክሮፎኑን ተጫንኩና፣ «ሪፖርቱ ዝርዝር፣ ግልጽና መሬት ላይ ያለውን እውነታ የሚያሳይ ነው፤ አዘጋጆቹ ሊመሰገኑ ይገባል» አልኩ። በቴሌቪዥን ተላለፈ። ባለቤቴ ደውላ ክራባቴ እንዳማረ ነገረችኝ። ከዚያ አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» አሉ፤ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ አነሣሁ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሐምሌ እንደገባ ሐጂ አልዪ ደወሉልኝ።

«ክቡር እንደራሴ፣ እንደምን ከረሙ? ድልድያችን ሳይመረቅ ክረምቱ ሊበረታብን ነው። እርስዎ መጥተው ቢመርቁልን?»

በተዋወቅንባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን «እርስዎ» ብለውኝ አያውቁም። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ስሜቱ ወሰደኝ። ድልድዩ አልቋል! ተቋራጩ ተመልሶ መጥቶ ሳልሰማ ሠርቶታል ማለት ነው። ባለቤቴን «በሥራ ዘመኔ ማብቂያ የሠራሁት ነገር ይኸው» አልኳት። ንግግር ጻፍኩ። በደሳ ላይ ፎቶ አንሺ ቀጠርኩ፣ የወረዳውን መኪና ለመንኩ፣ የሠርጌን ሙሉ ልብስ ለበስኩ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሕዝቡ ተሰብስቧል። ድንኳን ተተክሏል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰዋል። ከቆርቆሮው ሰሌዳ እስከ አንድ የግራር ዛፍ ድረስ ቀይ ሪባን ተወጥሯል፤ በሰሐን ላይ መቀስ ቀርቧል። ከሪባኑ ወዲያ ደፈራርሶ የሚፈስ ውኃ አለ። ድልድይ የለም።

ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ እኔን ያያል።

«ሐጂ፣ ድልድዩ የታለ?» አልኩ በሹክሹክታ።

ሐጂ አልዪ ከኪሳቸው አንድ ፎቶ ኮፒ አወጡና ሕዝቡ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ይኸው። አባሪ አራት፣ ተራ ቁጥር ሠላሳ ሁለት። ‹የለጋ ሮባ ድልድይ፣ መቶ በመቶ ተጠናቅቋል።› ማስረጃውም ፎቶ ነው ይላል፣ ሰሌዳው። ቢሮ ሄደን ስንለምን ‹የእናንተማ አልቋል፣ የእናንተው ተወካይ በምክር ቤት አመስግኖ አጽድቆታል› ብለው ሰጡን። እኛ መሀይም ስለሆንን አልታየን ይሆናል። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይቁረጡና ይሻገሩ።»

ሳቅ የለም። ሁሉም ፊቱን እንደ ምርቃት ቀን አክብሮ ቆሟል። ይህን ጨዋታ ስንት ቀን ሲያዘጋጁት እንደከረሙ አላውቅም፤ አንድ ሰው እንኳ ጥርሱን አላሳየም።

ምን ላድርግ? መቀሱን አነሣሁና ሪባኑን ቆረጥኩ። አጨበጨቡ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሱሪዬን ጠቀለልኩ፣ ገባሁ። ውኃው እስከ ጉልበቴ ነበር፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፤ መሐል ላይ ወደ አንድ ጎን ስዘም ያን ጊዜ ሕዝቡ ሳቁን መያዝ አቃተው። ከመጀመሪያው ሳቅ በኋላ እኔም ሳቅሁ። ፎቶ አንሺው ሥራውን ሠራ።

ማዶ የጠበቁኝ ወይዘሮ ፋጡማ ናቸው። እሳቸው አይስቁም። አጠገባቸው ልጃቸው ሰሚራ ቆማለች፤ ሆዷ ገፍቷል።

«ነሐሴ ላይ ትወልዳለች» አሉኝ። «አንተን መሳደብ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይሄ ወረቀት አልቋል ካለ፣ ከዚህ በኋላ ድልድይ ማን ይሠራልናል?»

አፈርኩ። ከብት ሲሞትብኝም እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሰሚራን በዚያው ዕለት ደግፈን አሻግረን በወረዳው መኪና በደሳ ወስደን የእናቶች ማቆያ አስገባናት፤ እዚያ ቆይታ ነሐሴ ላይ በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። ይህ ግን ድልድይ አይደለም። ለሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሴት አለች።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው በትሕትና ተቀበለኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ።

«ክቡር እንደራሴ፣ ችግሩ ይገባኛል። ነገር ግን ለተጠናቀቀ ፕሮጀክት በጀት አይያዝም።»

«አልተጠናቀቀማ! ገብቼበት መጣሁ እኮ።»

«ሪፖርቱን ያጸደቀው ምክር ቤቱ ነው። እኛ ደግሞ የምክር ቤቱን ውሳኔ አንቃወምም።» ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ጥገና ከሆነ ግን ይቻላል! የጥገና ጥያቄ ያስገቡ። ለቀለምና ለእጅ መደገፊያው የምትሆን ነገር አትጠፋም።»

የሌለ ድልድይ ቀለም ሊቀቡልኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ሳምንት አሰብኩበት። ጋሽ ደምሴም ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ስቀው፣ «ተቀበል፤ ዘንድሮ ቀለሙን፣ ከርሞ ‹ከፍተኛ ጥገና› ብለህ ምሰሶውን፣ በአምስት ዓመት ድልድይ ይወጣዋል» አሉኝ። ምክራቸው ብልሃት ነበረው። ማንም አይቀየመኝም፣ እኔም አልዋረድም። ነገር ግን ስሌቱ ውስጥ አምስት ክረምት ነበረ።

ስህተቱ በጉባኤ ላይ እንዲታረም ልጠይቅ መሆኑን ሲሰማ የፓርቲያችን ተጠሪ ቢሮው ጠራኝ። ተጠሪ ማለት እጃችን መቼ እንደሚወጣ የሚከታተል ሰው ነው።

«ያዕቆብ፣ ምርጫ ደርሷል። ሪፖርቱን ያጸደቅነው ሁላችን ነን። አንተ አላነበብኩም ካልክ ሁላችንም አላነበብንም ማለት ነው።»

«አንብበኸው ነበር?» አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለና፣ «የዕጩዎችን ዝርዝር የምናዘጋጀው በሚቀጥለው ወር ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። በጣም ጨዋ ሰው ነው።

ፈራሁ። አልዋሽም። ደመወዙን፣ ክራባቱን፣ ጭሮ ውስጥ ሰው ተነሥቶ ወንበር ሲለቅልኝ ማየቱን ለምጄዋለሁ። ሁለተኛ ዘመን እፈልግ ነበር። ለባለቤቴ ስነግራት፣ «አንተ ወንበሩን ስታስብ እኔ ያቺን ወንዝ ዳር የወለደችውን ሴት ነው የማስበው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ኅዳር ላይ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ለጥያቄና መልስ ወደ ምክር ቤቱ መጡ። ተመዝግቤ ጠበቅሁ። አፈ ጉባኤው ስሜን ጠርተው ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ባለፈው ሰኔ በዚህ ማይክሮፎን ይህ ሪፖርት መሬት ላይ ያለውን እውነታ ያሳያል ብዬ ተናግሬአለሁ» አልኩ። «ከዚያ ወደ መሬቱ ወረድኩ። በአባሪ አራት ተጠናቅቋል የተባለውን ድልድይ ሪባን ቆርጬ መርቄዋለሁ። ተሻግሬውም ነበር፤ ውኃው እስከ ጉልበት ነው።» ፎቶውን አነሣሁ። ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ከሰሌዳው ፊት።

አዳራሹ ሳቀ። ጥቂቶች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ።

«ክቡር የምክር ቤት አባል፣ ወደ ጥያቄዎ ይግቡ» አሉኝ አፈ ጉባኤው።

«ሪፖርቱን አባሪውን ሳላነብ አጽድቄአለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው። ይህ ድልድይ ከተጠናቀቁት ዝርዝር ወጥቶ ካልተጀመሩት ዝርዝር ውስጥ እንዲገባልኝ።»

የበላይ ኃላፊው ከረዳቶቻቸው ጋር ተንሾካሾኩ። ቋሚ ኮሚቴው ቦታው ድረስ ሄዶ እንዲያጣራ ሐሳብ ቀረበ። «የምትደግፉ» ሲባል መጀመሪያ የወጣው እጅ የጋሽ ደምሴ ነው፤ ክርናቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ እንደ ተማሪ እስከ ላይ ዘርግተውት ነበር። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ተጠሪው ወደ ኋላ ዞር ብሎ ቆጠረና፣ ሲበዛበት እሱም አነሣ።

ቋሚ ኮሚቴው ለጋ ሮባ ሄደ። ሐጂ አልዪ በአክብሮት ተቀብለው፣ ምሳ ያዘጋጀነው ማዶ ነው አሏቸው። ወቅቱ በጋ ስለነበር አሸዋውን አቋርጠው ተሻገሩ፤ ሰብሳቢዋ ጫማቸው አሸዋ ሞልቶበት ምሳው ላይ ሲያራግፉ ማጣራቱ አለቀ። በሁለት ወር ውስጥ ደብዳቤ መጣ። የለጋ ሮባ ድልድይ፣ አፈጻጸም ዜሮ በመቶ።

ደብዳቤውን ይዤ በርጫ ላይ አነበብኩት። «ዜሮ በመቶ» ስል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሐጂ አልዪ ተነሥተው አቀፉኝ። «አልሐምዱሊላህ፣ አልተጀመረም!» አሉ። በአምስት ዓመት የምክር ቤት ቆይታዬ ካከናወንኩት ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። አንድ ያለቀ ድልድይ ያልተጀመረ አደረግሁ።

የዕጩዎች ዝርዝር ሲወጣ ስሜ አልነበረም። ተጠሪው ራሱ ደውሎ፣ «በደንብ አገልግለሃል» አለኝ። በደንብ አገልግለሃል የሚባለው ለሚሄድ ሰው ነው። አዘንኩ፤ ሁለት ሳምንት ያህልም ከቤት መውጣት ደበረኝ። ከዚያ ሚኤሶ ላይ አባ ሰንጋ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ ተባለና አይስ ቦክሱን ጭኜ ሄድኩ።

ያልተጀመረ ፕሮጀክት በጀት ይያዝለታል። ተያዘለት። እኔ ከለቀቅሁ በኋላ በሁለተኛው በጋ ድልድዩ ተሠራ። ምርቃቱ ላይ የተናገረው እኔን የተካው አባል ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ስሜን ባያነሣም አልቀየምኩም።

ባለፈው ክረምት ለጋ ሮባ፣ በገበያው በኩል ፍየል ስከትብ ዝናቡ ተራራው ላይ ወረደና ወንዙ ሞላ። ሰዉ እንደ ልማዱ ሊያየው ወደ ዳር ወጣ። እኔም ሲሪንጄን እንደያዝኩ ወጣሁ። ውኃው ግንድ እየገፋ ከድልድዩ ሥር ሲያልፍ አንድ ባጃጅ ከማዶ መጣ። ከኋላ ሰሚራና ወይዘሮ ፋጡማ ነበሩ፤ ሰሚራን እንደገና ምጥ ይዟታል። ባጃጁ ድልድዩ ላይ ወጣ፣ አለፈን፣ ወደ ጤና ጣቢያው ታጠፈ። ወይዘሮ ፋጡማ አላዩኝም። ወንዙንም ዞር ብለው አላዩትም።

አዲስ የተመረጡ ልጆች አንዳንዴ ጭሮ ሲያልፉ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ጊዜ ከሌላችሁ መግቢያውንና መደምደሚያውን ዝለሉ፤ አባሪውን ግን አንብባችሁ ነው እጃችሁን የምታወጡት።